የላሟ ጂኤንአርኤች ለአምባዛ ይሆናል? የመራቢያ ሆርሞን ዘረመሎች የት ተባዙ፣ የት ጠፉ

አሻ_ዳንግላ
ሰላም ለመድረኩ። ሦስት ጥያቄ አለኝ፣ ሥራቸው አንድ ሳይሆን አይቀርም ብዬ በአንድ ክር አመጣኋቸው። ከፋርማሲ የሚገዛው የእርግዝና መመርመሪያ ስትሪፕ በላም ሽንት ላይ ለምን አይሠራም? ገበሬው ርካሽ ነው ብሎ ሁሌ ይጠይቃል። ለላም ሲንክሮናይዜሽን (ላሞች በአንድ ጊዜ ኮርማ እንዲፈልጉ ለማድረግ) የምንወጋው ጂኤንአርኤች (ከአንጎል ወጥቶ የመራቢያ ሆርሞኖችን የሚያዝዘው) አምባዛ እንቁላል እንዲጥል ይረዳል ወይ? ሦስተኛው፣ ባዝራ በቅሎ ስታረግዝ ፒኤምኤስጂዋ (በእርግዝና ጊዜ ደሟ ውስጥ የሚገኘው ሆርሞን) ፈረስ ካረገዘችው ያነሰ ነው ይባላል፣ እውነት ነው? “ይሠራል፣ አይሠራም” ብቻ አትበሉኝ፤ ምክንያቱን ንገሩኝ።

ግልገል_ዓባይ
ስትሪፑ ላይ ልመልስ። የሚይዘው የኤችሲጂን (የሰው የእርግዝና ሆርሞን) ቤታ ክፍል ነው። ላም ደግሞ የዚህ ሆርሞን ዘረመል የላትም። መጠኑ አንሶ አይደለም፤ ስለዚህ የጠዋት ሽንት ብትቀዱ፣ ሁለት ስትሪፕ ብትነክሩ ለውጥ የለውም። መስመር ከታየም የስትሪፑ ስህተት ነው እንጂ የላሟ መክበድ አይደለም።

ከየት መጣ? ኤፍኤስኤች (እንቁላል የሚያሳድገው)፣ ኤልኤች (እንቁላል የሚያስጥለው)፣ ቲኤስኤች (ታይሮይድን የሚያዝዘው) እና ኤችሲጂ እያንዳንዳቸው ከሁለት ክፍል የተገጠሙ ናቸው። አልፋው ለአራቱም አንድ ነው፣ በሰው 92 አሚኖ አሲድ (የፕሮቲን ፊደል)። ማን ማን እንደሆነ የሚለየው ቤታው ነው። በዝንጀሮዎችና በሰው የዘር ሐረግ ውስጥ የኤልኤች ቤታ ዘረመል ተባዛና በቅጂው መጨረሻ አካባቢ አንዲት ቤዝ (የዘረመሉ ፊደል) ወደቀች። ከዚያ ወዲያ ያለው ንባብ ሁሉ በአንድ ፊደል ተንሸራተተ፤ የነበረው ማቆሚያ ሳይነበብ ታለፈ። 121 አሚኖ አሲድ የነበረው ፕሮቲን 145 ሆኖ አረፈው። ትርፏ ጅራት 4 የስኳር ሰንሰለት ትሸከማለች፣ ስኳሩም ሆርሞኑ ቶሎ ከደም እንዳይጠረግ ይከላከላል። የኤልኤች ግማሹ ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳያልፍ ሲጠፋ ኤችሲጂ ከአንድ ቀን በላይ ይቆያል። ወደ ሽንት የሚደርሰውም በብዛት ስለሚመረትና ስለሚቆይ ነው። ዛሬ በሰው 19ኛ ክሮሞሶም ላይ አንድ የኤልኤች ቤታና ስድስት የሲጂ ቤታ ቅጂዎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል።

ላምና በግ ሌላ ምልክት ነው ያበጁት። የሚያመሰኩ እንስሳት ከ36 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት አንድ የኢንተርፌሮን ዘረመል ተባዝቶላቸው ኢንተርፌሮን ታው ወጣ። ቫይረስ ለመከላከል የተሠራ ቤተሰብ “ፅንስ አለ” የሚል መልእክተኛ ሆነ ማለት ነው። በ16ኛው ቀን አካባቢ ከፅንሱ ሽፋን በብዛት ይወጣና ማህፀኑ ፕሮስታግላንዲን እንዳይረጭ ያደርጋል፤ ፕሮስታግላንዲን የሚያፈርሰው ኮርፐስ ሉቴየምም (እርግዝናን የሚጠብቅ ሆርሞን የሚያመነጨው የእንቁላል ዕጢ ክፍል) ይተርፋል። የሰው ኤችሲጂ ኮርፐስ ሉቴየሙን በቀጥታ ያበረታታል፣ የላሟ ኢንተርፌሮን ደግሞ ገዳዩን ያስቆማል። ግቡ አንድ፣ መንገዱ ለየቅል።

ላም ላይ ለመመርመር የፓግ ምርመራ አለ (የእርግዝና ግላይኮፕሮቲን፣ በደም ወይም በወተት)። ከተዳቀለች 28 ቀን ሳይሞላ አትውሰዱ። ከወለደችም 60 ቀን ማለፍ አለበት፤ የድሮው እርግዝና ፓግ ደም ውስጥ ስለሚቆይ ባዶዋን ላም “ከብዳለች” ይላችኋል።

አንዳሳ_ማዶ
የበቅሎዋን እኔ ልውሰድ፣ ጎጃም ላይ ተቀምጦ በቅሎ ሳይነሳ ማለፍ ነውር ነው።

እውነት ነው፣ ያንሳል። ኢሲጂን (ፒኤምኤስጂ የምንለው ነው) የሚሠሩት ሴሎች የባዝራዋ አይደሉም፣ የፅንሱ ናቸው። ከ36ኛው እስከ 38ኛው ቀን ባለው ጊዜ ከፅንሱ ሽፋን ተነስተው የማህፀኑን ግድግዳ ሰርስረው ይገቡና ጽዋ የመሰለ እብጠት ይሠራሉ። ሆርሞኑ በ40ኛው ቀን አካባቢ ደም ውስጥ ይታያል፣ በ120ኛው አካባቢ ያልቃል። ሴሎቹ የፅንሱ ከሆኑ የአባትየው ዘረመልም ድምፅ አለው። አባት አህያ ሲሆን ጽዋዎቹ ትንንሽ ናቸው፤ የእናቲቱ ነጭ የደም ሴሎችም ቀድመው ያፈርሷቸዋል።

ሥራ ላይ የሚያሳስተው ይህ ነው፦ በቅሎ የያዘች ባዝራ በኢሲጂ ምርመራ “ባዶ ናት” ልትባል ትችላለች። በተቃራኒው ደግሞ ጽዋው ከተሠራ በኋላ ፅንሱ ቢሞት ጽዋው ብቻውን ሆርሞን እያመረተ ይቀጥላል፤ ምርመራው “አርግዛለች” ይላል፣ ባዝራዋም ጽዋው እስኪከስም በአግባቡ ድንጉላ አትፈልግም። የሰው ስትሪፕም እዚህ አይረዳም፤ ኢሲጂ ወደ ሽንት እምብዛም አያልፍም።

ከግልገል ዓባይ ጽሑፍ ጋር የሚያያዘው ነገር፣ ፈረስ ዘረመሉን አላባዛም። ያው አንዱ የኤልኤች ቤታ ዘረመል በፒቱታሪም (ከአንጎል ሥር ባለችው ዕጢ) በእንግዴ ልጅም ይነበባል፣ 149 አሚኖ አሲድ ነው፣ ልዩነቱ የሚለጠፍበት ስኳር ብቻ። ሰውና ፈረስ ሳይመካከሩ አንድ ዓይነት ጅራት አወጡ።

ሌላም አለ። ኢሲጂ በራሷ በባዝራ ውስጥ የኤልኤች ሥራ ብቻ ይሠራል። በግ ወይም ላም ላይ ሲወጋ ግን የኤፍኤስኤች ተቀባይንም (ሆርሞኑ እንደ ቁልፍ የሚገባበትን የሴል በር) ይከፍታል። በግ ላይ ስፖንጅ (በብልት የሚገባ፣ ሆርሞን የተነከረ) 12–14 ቀን አቆይተን ስናወጣ ከ300 እስከ 500 ዩኒት የምንሰጠው ለዚህ ነው። ከዚያ ሲያልፍ ብዙ ፎሊክል (እንቁላል የያዘ ከረጢት) ይነሳል፣ ግማሹ ሳይፈነዳ ይቀራል፣ ወይም በጓ ልታሳድግ የማትችለውን ያህል ታረግዛለች። በየወቅቱ ለአንዲት በግ ሲደጋገም ደግሞ ሰውነቷ ፀረ እንግዳ አካል ያበጃል፤ ለእሷ የባዕድ ትልቅ ፕሮቲን ነውና። ጂኤንአርኤች ግን የእሷው ፊደል ነው፣ እንዲህ አይከለከልም።

ጣና_ጀልባ
አምባዛው የእኔ ነው። አጭሩ መልስ፦ ለላም የተዘጋጀው ጂኤንአርኤች በአምባዛ ላይ ገንዘብ ማባከን ነው።

ጂኤንአርኤች 10 አሚኖ አሲድ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 መዋቅሩ ከአሳማና ከበግ አንጎል ታወቀ፤ አንድሩ ሻሊና ሮዤ ጊየማን እ.ኤ.አ. በ1977 ኖቤል የተሸለሙበት ሥራ አካል ነው። የላም፣ የበግ፣ የሰው ቅጂ ፊደል በፊደል አንድ ነው። አምባዛ ግን ሁለት ዓይነት አለው። አንዱ የራሱ፣ 5ኛው ቦታ ላይ ሂስቲዲን፣ 8ኛው ላይ አስፓራጂን ያለበት። ሌላው “ቁጥር 2” የሚባለው ነው፤ 5ኛው ሂስቲዲን፣ 7ኛው ትሪፕቶፋን፣ 8ኛው ታይሮሲን። ይህ ቁጥር 2 ከአምባዛ እስከ ዶሮ እስከ ሰው አንዲት ፊደል አልተቀየረችበትም። የአምባዛ ፒቱታሪ ከራሱ ዓይነት ይልቅ ለቁጥር 2 በብዙ እጥፍ የበለጠ ይመልሳል። የላሟ ደግሞ 8ኛው ላይ አርጂኒን ስላለው ለአምባዛ ተቀባይ ደካማ ቁልፍ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ዕድሜ ነው። ተፈጥሯዊው ጂኤንአርኤች 6ኛው ቦታ ላይ ባለው ግላይሲን አጠገብ በኢንዛይም ይቆረጣል፣ ደም ውስጥ ደቂቃዎች እንጂ ሰዓት አይቆይም። አናሎጎቹ (ተመስለው የተሠሩት ቅጂዎች) 6ኛውን በመስታወት ምስሉ (ዲ-አሚኖ አሲድ) ይተካሉ፣ ጫፉንም ወደ ኢታይላማይድ ይቀይራሉ።

ሦስተኛው ዶፓሚን (የአንጎል መልእክተኛ) ነው፣ ብዙ ሰው የሚዘነጋው። በአምባዛና በካርፕ ዶፓሚን የኤልኤች ፍሬን ነው። ፍሬኑን ሳትለቁ ነዳጁን ብትረግጡ አይሄድም። ኦቫፕሪም (ለዓሣ ማራቢያ የሚሸጠው መርፌ) በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 20 ማይክሮግራም የሳልመን ጂኤንአርኤች አናሎግና 10 ሚሊግራም ዶምፐሪዶን (የዶፓሚን ማገጃ) የያዘው ለዚህ ነው፤ መጠኑ በኪሎ 0.5 ሚሊ ሊትር።

አሻ_ዳንግላ
እግዜር ይስጥልኝ። ታዲያ ቡሰሬሊን አናሎግ አይደል? እሱን ከላም መድኃኒት ወስጄ፣ የሰው ዶምፐሪዶን ኪኒን ፈጭቼ ብጨምርስ?

ጣና_ጀልባ
ሒሳቡን አብረን እንሥራው። ለላም የሚሸጠው ቡሰሬሊን በሚሊ ሊትር 4 ማይክሮግራም ነው። በአምባዛ ላይ ለአጥቢ ዓይነት አናሎግ ሲሠራበት የኖረው መጠን በኪሎ 50 ማይክሮግራም ከዶፓሚን ማገጃ ጋር ነው። 50ን ለ4 ስታካፍል በኪሎ 12.5 ሚሊ ሊትር። አንድ ኪሎ ተኩል ለምትመዝን ዓሣ ወደ 19 ሚሊ ሊትር ጡንቻ ውስጥ ልትገፋ ነው። አይያዝም፣ ተመልሶ ይፈስሳል። ኪኒኑም ውኃ ውስጥ አይሟሟም፤ ዱቄቱ መርፌ ይዘጋል፣ የገባውም እብጠት ያመጣል።

ፕሮስታግላንዲኑንም እንዳትሞክር። በላም የሚሠራው ከ5ኛው ቀን በኋላ የበሰለ ኮርፐስ ሉቴየም ስለሚያፈርስ ነው፣ አምባዛ ደግሞ የሚፈርስ ኮርፐስ ሉቴየም የለውም። በቆዳም ስለሚገባ ነፍሰ ጡርና አስም ያለበት ሰው ባይነካው ይሻላል።

ኦቫፕሪም ካልተገኘ የድሮው የፒቱታሪ መንገድ አለ፣ ከዘረመሉ አንፃርም ብልህ ነው፤ ጂኤንአርኤችንም ዶፓሚንንም ዘልሎ የራሱን የአምባዛ ኤልኤች በቀጥታ ይሰጣል። ክብደቱ ከምትወጋው ሴት ዓሣ የሚመጣጠን የደረሰ አምባዛ አርዶ፣ ጭንቅላቱን ከፍቶ፣ ከአንጎሉ ሥር ባለችው የአጥንት ጉድጓድ ውስጥ ያለችውን ነጣ ያለች ፍሬ ማውጣት። በንጹሕ ሙቀጫ ፈጭቶ በ1–2 ሚሊ ሊትር የጨው ውኃ (በሊትር 9 ግራም ጨው) መበጥበጥ። ፈሳሹን ከጀርባ ክንፉ ሥር ጡንቻ ውስጥ መውጋት፣ መርፌውን ሲያወጡ በጣት ማሸት። የሰው ኤችሲጂም በኪሎ 4,000 ዩኒት ይሠራል፤ የአምባዛ የኤልኤች ተቀባይ ያቺን ባለ ጅራት ቁልፍ ይቀበላታል። የላሟ ጂኤንአርኤች እንቢ ተብሎ የሰው ኤችሲጂ መግባቱ ያስገርማል፣ ግን ተቀባዮቹ እንዲህ ናቸው።

ከዚያ ሰዓቱን በውኃው ሙቀት ቁጠር፦ በ20 ዲግሪ 21 ሰዓት፣ በ25 ዲግሪ 11፣ በ30 ዲግሪ 7። ባሕር ዳር ላይ ማታ ውኃው ስለሚቀዘቅዝ የቀን ሙቀት ለክቶ መቁጠር ያሳስታል። ቀድመህ ብትጨምቅ እንቁላሉ በግድ ከደም ጋር ይወጣል፣ ብትዘገይ ሆዷ ውስጥ ያረጃል።

እንቁላሏ ያልደረሰች ዓሣ ላይ ደግሞ ምንም አይሠራም። ኤልኤች የደረሰን እንቁላል ያስጥላል እንጂ አስኳል አይሞላም፤ አስኳል መሙላት ሳምንታት የሚፈጅ ሥራ ነው፣ ኤፍኤስኤችና ኤስትሮጅን ያሉበት።

ቅድስት_ባዮ
ጋሼ ግልገል ዓባይ፣ ከዚሁ ጋር የሚሄድ ስለሆነ እዚሁ ልጠይቅ። የጣና ነጭ ዓሣ ላይ የጂኤንአርኤችና የኤፍኤስኤች ቤታ ዘረመሎችን የዘር ሐረግ ዛፍ እየሠራሁ ነው። የጂኤንአርኤቹ ዛፍ ቅርንጫፎች ድጋፋቸው (አስተማማኝነታቸው) ከመቶ 40 በታች ነው። ፒሲአሩ (ዘረመሉን ያባዛሁበት) ደግሞ በሳንገር ንባብ ላይ ድርብ ጫፍ፣ ማለትም በአንድ ቦታ ሁለት ፊደል፣ ይሰጠኛል። ናሙናው ተበክሎ ይሆን?

ግልገል_ዓባይ
እህቴ፣ ብክለት ከመጠርጠርሽ በፊት ዓሣውን ጠርጥሪው። ነጭ ዓሣ (ላቤዮባርበስ) ሄክሳፕሎይድ ነው (ክሮሞሶሞቹ ስድስት ስድስት ናቸው)፣ ወደ 150 ክሮሞሶም። አንድ ፕራይመር እስከ ስድስት ቅጂ ሊያነሳልሽ ይችላል፣ ድርብ ጫፉ የሚጠበቅ ነው። ጂኖሙን ያላባዛ ዓሣ ቢሆን ነበር ብክለት የምልሽ።

ዛፉ ላይ ችግሩ ዘረመሉ ነው። 10 አሚኖ አሲድ ዛፍ አይሸከምም። ሙሉው ቅድመ ፕሮቲን እንኳ 90 አካባቢ ነው፤ ከሆርሞኑ ቀጥሎ ያለው ክፍል ደግሞ በፍጥነት ስለሚለዋወጥ አሰላለፉ (ቅደም ተከተሎቹን ፊደል በፊደል ማዛመዱ) ግምት ይሆናል። እንዲህ አድርጊ።

ፍለጋውን በአሥሯ ፊደል አትጀምሪ፣ በየቦታው ጩኸት ታመጣለች። ሙሉውን ቅድመ ፕሮቲን ይዘሽ በቲብላስትኤን (ፕሮቲንን በጂኖም ውስጥ በሚፈልገው የብላስት ፕሮግራም) ፈልጊ፣ የቃል መጠን 2፣ የዝቅተኛ ውስብስብነት ማጣሪያው ይጥፋ። የምታገኚው እውነተኛ መሆኑን የምታውቂው ከሆርሞኑ ቀጥሎ ግላይሲን፣ ከዚያ ላይሲንና አርጂኒን ተከታትለው ሲመጡ ነው፤ መቁረጫው እዚያ ላይ ነው። መነሻሽ ዚብራፊሽ (የቤተ ሙከራ ትንሽ ዓሣ) ብቻ አይሁን። ዚብራፊሽ የጂኤንአርኤች ቁጥር 1ን ጥሎታል፣ ያለው 2 እና 3 ነው። በእሱ ብቻ ከፈለግሽ የዓሣሽ ቁጥር 1 ቢኖርም ታልፊዋለሽ።

አሰላለፍ በማፍት ፕሮግራም፣ ኤል-አይኤንኤስ-አይ በሚባለው አማራጭ፤ ዛፍ በአይኪው-ትሪ ፕሮግራም፣ ሞዴሉን ራሱ ይምረጥ፣ 1,000 አልትራፋስት ቡትስትራፕ (ቅርንጫፉ ምን ያህል እንደሚታመን የሚለካ ድግግሞሽ)። በዚህ ስሌት ከ95 በታች ያለውን “ተደግፏል” አትበይ፣ እንደ ድሮው ቡትስትራፕ 70 አይደለም።

ቁልፉ ግን ጎረቤት ነው። ዘረመሉ ሲለዋወጥ ጎረቤቶቹ ብዙ ጊዜ ይቀራሉ። ቁጥር 1 ኬሲቲዲ9 በሚባል ዘረመል አጠገብ ይኖራል። ቁጥር 2 በፒቲፒአርኤ አጠገብ፣ ቁጥር 3 በፒቲፒአርኢ አጠገብ። እነዚህ ሰፈሮች ራሳቸው ከ500 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ባለአከርካሪዎች ሲጀምሩ፣ ሙሉው ጂኖም ሲባዛ የተገኙ እህትማማቾች ናቸው። በሰው ላይ ፒቲፒአርኢ 10ኛ ክሮሞሶም ላይ አለ፣ አጠገቡ ግን ቁጥር 3 የለም። ሰፈሩ ቆሟል፣ ቤቱ ፈርሷል። “ጠፍቷል” ለማለት የሚያስደፍረው እንዲህ ያለ ማስረጃ ነው፤ ብላስት ባዶ መመለሱ አይበቃም።

የኤፍኤስኤች ቤታው ይቀልሻል። ከመቶ በላይ አሚኖ አሲድ አለው፣ 12 ሲስቲኖቹም አሰላለፉን እንደ ምስማር ይይዙታል። ኤልኤች ቤታና ቲኤስኤች ቤታን ጨምረሽ ሥሩን በጂፒቢ5 አሳርፊ፤ የታይሮስቲሙሊን ክፍል ነው፣ ከባለአከርካሪዎች ውጭም ይገኛል። በድሮ የዓሣ ጽሑፎች ጂቲኤች አንድ የሚባለው ኤፍኤስኤች ነው፣ ጂቲኤች ሁለት ኤልኤች። ከዳታቤዝ ስታወርጂ በዚህ ስም የተቀያየሩ ቅደም ተከተሎች አሉ፣ በሲስቲኖቹ አቀማመጥ አረጋግጪ።

የጂኖም አሰባሰብ ካለሽ የንባብ ጥልቀቱን (እያንዳንዱ ቦታ ስንት ጊዜ እንደተነበበ) እዪ። ከአማካዩ 2 ወይም 3 እጥፍ የሆነበት ቦታ የተደረቡ ቅጂዎች ናቸው። የተበላሸ ዘረመል አገኘሁ ብለሽ ከመጻፍሽ በፊት ደግሞ አርኤንኤውን ተመልከቺ፤ ብዙ “ማቆሚያ ኮዶን” የንባብ ስህተት ሆኖ ይወጣል።

ማርቆስ_ደጋ
ከዚህ ሁሉ የገባኝ፣ ከዓሣ ወደ ሰው በመጣን ቁጥር ዘረመሉ እየበዛና እየተራቀቀ መሄዱን ነው። ትክክል ነኝ?

ግልገል_ዓባይ
አይ፣ ተገላቢጦሹም አለ። ቁጥር 3 ባለ አራት እግሮቹ ላይ ጠፍቷል። ቁጥር 2ን አይጥ ሙሉ በሙሉ ጥላዋለች፤ ሰው ሆርሞኑን ይሠራል፣ የራሱ ተቀባይ ግን ንባቡ ተሰብሯል። የበግም ተቀባይ እንዲሁ። አሳማ ላይ ግን ይሠራል። አጥንታም ዓሦች ደግሞ ከ320 እስከ 350 ሚሊዮን ዓመት በፊት ለሦስተኛ ጊዜ ጂኖማቸውን አባዝተዋል። ለዚህ ነው ሰው አንድ አሮማቴዝ (ኤስትሮጅን የሚሠራ ኢንዛይም) ሲኖረው ብዙ ዓሦች ሁለት ያላቸው፣ አንዱ ለእንቁላል ዕጢ፣ አንዱ ለአንጎል። የኤስትሮጅን ተቀባይም በእነሱ ሦስት፣ በእኛ ሁለት ነው።

ኪስፔፕቲንን (ጂኤንአርኤችን የሚቀሰቅሰው የአንጎል ሆርሞን) እዩት። ዘረመሉ እ.ኤ.አ. በ1996 የካንሰር መዛመትን የሚገታ ተብሎ ተገኘ፤ ስሙም ከሐርሺ ከተማ ቸኮሌት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ተቀባዩ የተበላሸባቸው ሰዎች ለአቅመ አዳምና ሔዋን እንደማይደርሱ ታወቀ። ያለ እሱ ሰው አይወልድም። ዶሮ ግን የሚሠራ የኪስፔፕቲን ዘረመል የላትም፣ በየቀኑ ትጥላለች። ዚብራፊሽ ላይም ሁለቱን የኪስ ዘረመሎች አጥፍተውት መውለዱን ቀጠለ።

ጣና_ጀልባ
እዚህ ላይ ጨምሩ። በአጥቢ አንዱ ጂኤንአርኤች ኤፍኤስኤችንም ኤልኤችንም ያዝዛል ነው የምንለው። እ.ኤ.አ. በ2024 በሜዳካ ዓሣ ላይ ኤፍኤስኤችን የሚያዝዘው ኮሌሲስቶኪኒን መሆኑ ታየ፣ ጥጋብ የሚናገረው የአንጀት ሆርሞን። ዓሣ ጠግቦ ካልበላ አስኳል አይሞላም ብለን በመኖ የምናውቀው ነገር በዘረመል መልኩ ይሄው። እናት አምባዛዋን ከመውጋትህ በፊት ወራት ያህል በደንብ መመገብ ለምን እንደሚያስፈልግ አሻ ከዚህ ይረዳል።

አሻ_ዳንግላ
ገባኝ። ቡሰሬሊኑ ለላሚቱ ይቅር፣ ፒቱታሪውን እይዛለሁ። ለጋሹ ወንድ ቢሆንስ?

ጣና_ጀልባ
ወንድም ይሆናል፣ ኤልኤች በሁለቱም ፒቱታሪ አለ። እንዲያውም የዘር ፈሳሹን ለማግኘት ወንዱን ማረድህ አይቀርም፤ በአምባዛ ወንድ ሲጨመቅ አይወጣምና። ግን ፒቱታሪው (በ25 ዲግሪ) 11 ሰዓት ቀድሞ ስለሚያስፈልግ ያንኑ ወንድ ለሁለቱም ልጠቀም ብትል የዘር ከረጢቱን በደረቅ ዕቃ፣ ውኃ ሳይነካው፣ በማቀዝቀዣ አቆየው። በረዶ ክፍል ውስጥ አታስገባው። ውኃ ከነካው ስፐርሙ በደቂቃ ውስጥ ጉልበቱን ይጨርሳል።

ቅድስት_ባዮ
ጋሼ፣ የመጨረሻ። ቅጂዎቹን በባክቴሪያ ክሎን ላድርጋቸው ነው፣ እያንዳንዱ ኮሎኒ አንድ ቅጂ ለይቶ እንዲይዝ። ስንት ኮሎኒ ላስነብብ?

ግልገል_ዓባይ
ስድስት ቅጂ እኩል ይነሳሉ ብንል፣ ስድስቱንም ለማየት 95 በመቶ እርግጠኛ የሚያደርግሽ 27 ኮሎኒ ነው። 10 ካስነበብሽ ቢያንስ አንዱ የማምለጥ ዕድሉ ትልቅ ነው። ፕራይመሩ ለአንዱ ካደላ 27ም አይበቃም፣ ስለዚህ በኤክሶኖቹ ውስጥ ያልተለወጠ ቦታ ላይ ሁለት የተለያየ ጥንድ ፕራይመር አሠሪ፣ ኮሎኒውንም ለሁለቱ አካፍይው። የፒሲአር ዙሩን ከ25 እስከ 28 ገድቢ፣ ማራዘሚያ ጊዜውንም አስረዝሚ። ዙሩ ሲበዛ ያላለቁ ቁርጥራጮች በሌላ ቅጂ ላይ ተጣብቀው ይቀጥሉና በዓሣው ውስጥ የሌለ ዲቃላ ይወጣል። አንድ ኮሎኒ ላይ ብቻ የታየን ቅጂ በሁለተኛ ፒሲአር እስክትደግሚው ከቁጥር አታስገቢው።